በጥፍር ቀለም የተሸፈነው ስንጥቅ

«ይህ ሳይክል በጎኑ ወድቆ ያውቃል?»

ጥያቄው ይኸው ነበር። ሰኞ ከቀትር በኋላ በአንዲት ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ ክፍል ውስጥ የተጠየቀ፣ አፍ የፈታ ሕፃን እንኳ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚገላገለው ጥያቄ። እናትየዋ ግን መልስ አጣች። መልሱ ጠፍቷት አልነበረም። በዚያ ክፍል ውስጥ መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ጠያቂው ብስክሌተኞች ሁሉ «ወጌሻው» የሚሏቸው ሽማግሌ ጠጋኝ ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የተጎዳ ፍሬም፣ የብስክሌት አጽም ማለት ነው፣ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል፤ ከዚያ በሳንቲም ጫፍ ቀስ እያሉ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። የሚጠግኑት ደግሞ ካርቦን ነው። ካርቦን ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር እየተደራረበ በሙጫ የሚሠራ ነገር ነው። በሁለት ጣት ይነሣል፣ በላዩ ግን ሰው ይከንፍበታል። ክፋቱ አንድ ነው። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ሰውም ያየዋል። ካርቦን ግን ላዩ አምሮ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። «ይህ ነገር ሆዱን ለሰው አያሳይም» ይላሉ ወጌሻው።

የብስክሌቱ ባለቤት የእናትየዋ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ሲሆን የቡድን ጓደኞቿ «ፌንጣ» ይሏታል፤ ዳገት ሲመጣ ከኮርቻው ብድግ ብላ በነዚያ ረጃጅም እግሮቿ ስለምትዘል ነው። እናትየዋ መጀመሪያ ሰሞን ቅጽል ስሙ አላስደሰታትም ነበር። «ስንት የሚያምር ወፍ እያለ ፌንጣ?» ብላ ተከራክራለች። በኋላ ግን እሷም ሳይታወቃት «ፌንጣዬ» ማለት ጀመረች።

ያን ቀን የመጡት ካቴናው ዘሎ ከኋላ ጎማው አጠገብ ፍሬሙን ክፉኛ ስለፋቀው ነበር። እሁድ ደግሞ ሌላ ከተማ ትልቅ ውድድር አለ። አሰልጣኙ ነገሩን በአጭሩ ጨርሶታል፦ «ወጌሻው ሳያዩት በዚህ ሳይክል ማንም አይወዳደርም። ይጠገን ካሉ ይጠገናል፣ ይጣል ካሉ ይጣላል።» ፌንጣን ያስፈራቻት «ይጣል» የምትለዋ ቃል ናት። ፍሬሙ ከተጣለ ሌላ የላትም፤ በቡድኑ ውስጥ ያላት ቦታም አብሮ ይሄዳል።

ወጌሻው የተፋቀውን ቦታ መቱት። ጢን፣ ጢን አለ።

«የተነካው ቀለሙ ነው» አሉ። «ልብሷ ተቀደደ እንጂ ገላዋ ደህና ነው።»

ፌንጣ እናቷን አቅፋ ዘለለች። ሽማግሌው ግን ሳንቲማቸውን አላስቀመጡም። እግረ መንገዳቸውን የላይኛውን ቱቦ እየመቱ ወደ ኮርቻው ሲሄዱ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ደፈን አለ። ተመልሰው መቱት። አሁንም ደፈን አለ።

«አንዳንዱ ፍሬም ሲሠራ እዚህ አካባቢ ክሩ ይወፍራል። እሱ ከሆነ ጤና ነው» አሉ። «መትቶት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለሙን ልጬ እንዳላይ መልሼ ስቀባው ለመድረቅ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ሌባ ሳይኖር ቤት መፈተሽም ደግ አይደለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ሳይክል በጎኑ ወድቆ ያውቃል?»

ፌንጣ ሳቀች። «መውደቅ? አባባ፣ እማዬ እኮ እኔን በጨቅላነቴ ይህን ሳይክል እንደምታቅፈው አላቀፈችኝም!»

ወጌሻው ወደ እናትየዋ ዞሩ። «እርስዎስ እናቴ?»

እናትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ከሰው የተዋሰችው ይመስል ነበር።

«እንግዲያው የክሩ ውፍረት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ብቻ ድምፅ ካሰማሽ ወዲያው ውረጂ።»

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እናትየዋ ቤት ትወለውል ነበር። ብስክሌቱ የሚሰቀለው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ባለ መንጠቆ ነው። ከጀርባው ያለው አቧራ ሲያሳስባት ስለሰነበተ አውርዳ እርጥቡ ወለል ላይ ግድግዳ አስደገፈችው። ዞር ከማለቷ ተንሸራተተ። የጫማ መደርደሪያው የብረት ጥግ ላይ አረፈ። የተሰማው ድምፅ ከአንድ «ቋ» አይበልጥም፤ እርሳስ ቢሰበር ያን ያህል ይጮኻል። እያባበለች ስታነሣው በላይኛው ቱቦ ላይ አንዲት ፀጉር አየች። በጨርቅ ጠረገቻት። ፀጉሯ አልሄደችም። በጣቷ ልትለቅማት ሞከረች። ያኔ ነው ፀጉር አለመሆኗን ያወቀችው።

ሮጣ የሄደችው ወደ ጎረቤቷ ወደ ልብስ ሰፊዋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ሳታነሣ ሰማቻትና አፏን በሳቅ ሸፈነች።

«ለዚች ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው? እኔ ቀሚስ በመቀስ ስነካ ጥልፍ ጣል አደርግበታለሁ፤ ባለቤቷ እንዲያውም ‹እንዴት አሳመርሽው!› ትለኛለች።»

«ልንገራት እንዴ?»

«ምን ብለሽ? ውድድር ደርሶባት ልቧን ልታወልቂው ነው? ሆድ ይፍጀው። ስንቱን የቻለ ሆድ ፀጉር የምታህል ነገር ያቅተዋል?»

ብላ ከመሳቢያዋ ጥቁር የጥፍር ቀለም አውጥታ ሰጠቻት። እናትየዋ ቀባችው። ሲደርቅ ደገመች፤ ሠለሰች። በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ስንጥቁ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ተሰማት።

ከወጌሻው ቤት ከተመለሱ በኋላ ግን ኩራቷ እንደ ጉም በነነ። ልጅቷን መከልከል ፈለገች፤ ለመከልከል ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለባት። ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ ልጅቷ ሳትነሣ የሁለቱንም ጎማ አየር ፉስ አድርጋ አስተነፈሰች።

«ይሄ ጎማ ምን ነካው?» አለች ፌንጣ ዓይኗን እያሻሸች።

«ደክሞት ይሆናል። ዛሬ እረፉ።»

«እማ፣ ጎማ አይደክመውም!» ነፍታው ወጣች።

ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ፌንጣ መንፊያውን እየረገጠች «ይሄ ቤት ጎማ የሚበላ ዓይን አለበት» ስትል እናትየዋ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። ልጅቷ ከበሩ ስትወጣ ልቧ አብሯት ወጣ። እስክትመለስ ድረስ በየአምስት ደቂቃው መስኮት፣ በየአምስት ደቂቃው በር ትላለች። የመኪና ጥሩንባ በሰማች ቁጥር ትበረግጋለች።

ረቡዕ ከሰዓት እናትየዋ፣ ልጇ ገና ሳትመለስ፣ ወደ ትምህርቷ ሄደች። በልጅነቷ ያልተማረች ስለሆነች፣ ሕፃናቱ ሲለቀቁ ትልልቅ ሰዎች በሚማሩበት ክፍል፣ ጉልበቷ አገጯ በሚደርስባት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ያን ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ታዘዙ። እሷ ጻፈች፣ አላማራትም፣ ላጲሱን አነሣች። ፋቀች። እንደገና ጻፈች፣ እንደገና ፋቀች። በመጨረሻ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ስታሸው ወረቀቱ ተበሳ።

አስተማሪዋ በዕድሜ ከፌንጣ እምብዛም የማትበልጥ ወጣት ናት። ደብተሩን አንሥታ በቀዳዳው በኩል አየቻት። «እትዬ፣ መስኮት ከፈቱ እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እናትየዋም ሳቀች። «ተሳስቼ ነው፤ እንዳታዪው ብዬ ነው።»

«አይፋቁት። አንድ መስመር ያሳልፉበትና ከጎኑ እንደገና ይጻፉ። ስህተቱን ካላየሁት ምኑን ላርምልዎ?»

ወጣቷ ይህን ብላ ወደ ቀጣዩ ወንበር አለፈች። እናትየዋ ግን ሌላ ቃል አልጻፈችም። እርሳሷን ጨብጣ ያንን ቀዳዳ እያየች ደወሉ ተደወለ።

ቤቷ ስትደርስ መተላለፊያው ውስጥ ጩኸት ሰማች። የፌንጣ ድምፅ ነው። ከፊቷ የቆመችው ደግሞ በቡድኑ ውስጥ «ዝምተኛዋ» የሚሏት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ቤት እንደ ልጅ ገብታ የምትወጣው ጓደኛዋ ናት። ዝምተኛዋ የቡድኑ ተጠባባቂ ናት፤ ሰው ከጎደለ ትገባለች፣ ካልጎደለ ትቀራለች። ባለፈው ሳምንት የራሷ ብስክሌት ሲበላሽ የፌንጣን ለአንድ ቀን ተውሳ ነበር።

«አንቺ ሳትወስጂው በፊት እንዲህ ሲጥ ሲጥ አይልም ነበር!»

«አልወደቅኩም።»

«ታዲያ ራሱ ሄዶ ተላተመ? ዛሬ ዳገቱ ላይ ጮኸ፣ ወርጄ በእግሬ ነው የመጣሁት!»

«አልወደቅኩም አልኩሽ እኮ።»

«ምን ቸገረሽ! እኔ ከቀረሁ የምትገቢው አንቺ ነሽ!»

ዝምተኛዋ የራስ ቁሯን ከወለሉ አንሥታ ወደ በሩ ዞረች፤ በሩ ላይ ደግሞ እናትየዋ ደብተሯን አቅፋ ቆማለች።

«ያሳልፉኝ፣ እማማ።»

እናትየዋ አላሳለፈቻትም። ልጅቷን ማሳለፍ ቀላል ነበር፤ ገለል ማለት ብቻ ነው። ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ይቀበራል፣ ጥፋቱም የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል። አንድ የቆየ ጓደኝነት ያልቃል እንጂ እሷን የሚወቅስ አይኖርም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምን?» አለች ፌንጣ።

«የጣልኩት። ወለል ስወለውል። መደርደሪያው ላይ ወደቀ።»

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

ፌንጣ ወደ ፍሬሙ ጎንበስ አለች። «የታለ? ምንም የለም እኮ!»

«ቀለም ቀብቼበት ነው። የጥፍር።»

ፌንጣ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «የጥፍር ቀለም? እማ! የጥፍር ቀለም?» ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። «ሰኞ ሲጠይቁሽ ነበርኩ እኮ። አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው፣ የኔ እናት። እንዳይጣልብሽም ፈርቼ።»

«ቁልቁለት ላይ ብሰበርስ?»

እናትየዋ እያለቀሰች ነበር። የመጀመሪያዋ ቀርባ ትከሻዋን የያዘቻት ግን ልጇ አልነበረችም፤ በግፍ የተወነጀለችው ዝምተኛዋ ናት። «ይበቃል እማማ፣ ይበቃል» እያለች። ፌንጣ ይህን ስታይ ፊቷ በእፍረት ቀላ። «እኔን ማሪኝ» አለቻት። ዝምተኛዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። «መጀመሪያ ወጌሻው ጋ እንሂድ» አለች።

ሦስቱም ብስክሌቱን በእጅ እየገፉ ሄዱ።

ወጌሻው ነገሩን ሰምተው ጥጥ የቀለም ማስለቀቂያ ነክረው ቱቦውን ሲያብሱት ጥጡ ጠቆረ። ጥጡን አዩ፤ ቀጥለው ቀለም የሌለበትን የእናትየዋን ጥፍር አዩ።

«ሠለሱት መሰለኝ» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«የእጅ ሥራዎ ንጹሕ ነው። እኔን እንኳ አታለሉኝ።» አልሳቁም። አሸዋ ወረቀታቸውን አንሥተው ቀለሙን ቀስ እያሉ ላጡት፤ ስንጥቁም ወጣ። በወደቀበት ቀን የጥፍር ያህል የነበረችው ፀጉር አሁን ሦስት ጣት ሆናለች። በሳንቲማቸው ዙሪያውን እየመቱ ድምፁ ደፈን የሚልበትን ሁሉ በጠመኔ ከበቡት።

ፌንጣ ወደ ጠመኔው ክብ ጠጋ አለች። «አባባ፣ ይጣላል?»

«ቆይ። ፍሬም በንዴትም በልምምጥም አይጣልም አይጠገንም። መጀመሪያ ቦታው ይታያል። ቱቦና ቱቦ የሚጋጠሙበት ላይ ቢሆን፣ ወይም ጎማውን የሚይዘው ፎርኬላ ላይ ቢሆን፣ እዚሁ በመጋዝ እቆርጠው ነበር፤ ማንም ለምኖ አያስጠግነኝም። ይሄ ግን መሃል ላይ ነው። ቱቦውንም አልዞረውም።» ጠመኔውን አስቀመጡ። «ይጠገናል። የተላቀቀውን ሞርጄ አወጣለሁ፣ አዲስ ክር እደራርብበታለሁ። አሥር ቀን።»

«እሁድ እኮ ነው ውድድሩ!»

«እሁድ እሁድ ነው፣ ልጄ፤ ሙጫም ሙጫ ነው። ሳይደርቅ ደረቀ ብዬ አልዋሽሽም።»

እናትየዋ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ጠየቀች። «በወደቀ ሰሞን ነግሬዎት ቢሆንስ?»

«ያን ጊዜ ቢሆን ሥራው ትንሽ ነበር። ለእሁድ ደርሶ ይተርፍ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ስንጥቁን ያሳደገው መውደቁ አይደለም። በስንጥቁ ላይ ስትነዳው ነው እየተራመደ የሄደው።»

ከዚያ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደው ለሁለት የተሰበረ ቀይ ፍሬም አነሡ። ጫፉ እንደ ተቀደደ ሸምበቆ ተፈልጦ ነበር። «የዚህም ባለቤት ወድቆ አያውቅም ብሎኝ ነበር። አፍሮ ነው። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል። ገና ድሮ በጣልኩት ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ እውነት የሚነግረኝ ሲመስለኝ አየዋለሁ።» ፍሬሙን መልሰው አስቀመጡት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ ብቻ እንዳይመስልዎት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ፌንጣ ግማሹን መንገድ ከፊት ከፊት ሄደች። እናትየዋም አላባበለቻትም፤ ልጅቷ የመቆጣት መብት እንዳላት ገብቷታል። መንገዱ እየተገባደደ ሲሄድ ፌንጣ ክንዷን በእናቷ ክንድ ውስጥ አስገባች።

«ጎማውንስ ያስተነፈስሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለቴም?»

«ሁለቴም።»

«እኔ እኮ ጎማ ሻጩን ሌባ ብዬ ሰድቤዋለሁ!» ሳቀች። ቀጥላም ኮስተር አለች። «ስሚኝ እማ። ከእንግዲህም አንቺው ወልውይው፣ አንቺው ስቀይው። ግን ሲወድቅ ጩኺ። እኔም እጮኻለሁ፣ ተጯጩኸን ይለቅልናል።»

«እሺ ልጄ።»

በማግሥቱ አሰልጣኙ ነገሩን ሰማ። በክበቡ መጋዘን ያለው ትርፍ ፍሬም ለአጭር ሰው የተሠራ ነውና ለፌንጣ አይሆንም አለ። ስለዚህ ተጠባባቂዋ ትገባለች። ፌንጣ አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ የውድድር ጓንቷን አጥባ አሰጣች፤ ሲደርቅ አጥፋ ለዝምተኛዋ ወሰደችላት።

ልብስ ሰፊዋ ግን በሐሳቧ እንደጸናች ናት። «ይኸው፣ ተናገርሽና ልጅሽ ከውድድር ቀረች» አለቻት። «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

እናትየዋ በዚያን ቀን ያሰበችውን ሳትፈራ ተናገረች። «ልጄ ከውድድር የቀረችው ስለተናገርኩ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ዝም ስላልኩ ነው። ያንቺ ጥልፍ የሚሸፍነው ቀሚስ ነው፤ ቀሚስ ቢቀደድ ሰው አይሞትም። ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ግን እህቴ፣ ሸፍነሽ አትስጪ።» የጥፍር ቀለሙንም መለሰችላት። ልብስ ሰፊዋ ተቀብላ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው። «ጨርሰሽው የለ እንዴ!» አለች።

እናቶችም፣ አባቶችም፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በየቤታችን «ሆድ ይፍጀው» ብለን ቀለም የቀባንበት ነገር አይጠፋም። የላላ ፍሬን፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሚያፈስ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሰው ያላየልን ጥፋት። የምንደብቀው ከክፋት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከፍቅርና ከእፍረት ነው። ስንጥቁ ግን ለምን እንደደበቅነው አይጠይቅም። እኛ ዝም ባልን ቁጥር እሱ ይራመዳል። ይጠገን ወይስ ይቀየር ብሎ የሚወስን ባለሙያ አይጠፋም፤ ባለሙያው የሚቸገረው እውነቱን የሚነግረው ሲያጣ ነው። ስለዚህ ሲወድቅ እንናገር። በዚያው ቀን እንናገር።

እሁድ ማለዳ የቡድኑ አውቶቡስ ከክበቡ በር ላይ ቆመ። ብስክሌቶቹ ጣራው ላይ ታሰሩ። አሰልጣኙ ስም ጠርቶ ቆጠረ፤ ሰባት ሞሉ። ሰባተኛዋ ዝምተኛዋ ነበረች። አውቶቡሱ ሄደ። ሊሸኙ የመጡት ፌንጣና እናቷ በሩ ላይ ቀሩ።